ቀኑ ያልተቆረጠለት ፊልም

ሰሞኑን ቢሮ ሻይ ላይ ሆነን አንዲት የሥራ ባልደረባዬ «በጉጉት የምትጠብቂው ፊልም አለ?» አለችኝ። ለፊልም ያለኝን ፍቅር ሁሉም ያውቃል። የአንድ ትልቅ የአሜሪካ ፊልም ስም እንድጠራላት ነበር የጠበቀችው።

«አለ እንጂ» አልኳት። «ጡረታ ሊወጣ ስምንት ቀን ስለቀረው የመብራት ቆጣሪ አንባቢ ነው።»

«ማን ሠራው?»

«እኛ ብሎክ አንደኛ ፎቅ የሚኖር ልጅ።»

«መቼ ነው የሚመረቀው?»

ቀኑ ገና አልተቆረጠም። ይህንኑ ነገርኳትና ወሬው ወደ ሌላ ሄደ። እኔ ግን ሳስበው ዋልኩ። ማታ ቤት ስገባም አልለቀቀኝም። ስለዚህ ቁጭ ብዬ ልጻፈው።

የምኖረው ሰሚት ኮንዶሚኒየም ነው፤ አራተኛ ፎቅ፣ ከእናቴ ጋር። ሥራዬ ሒሳብ ነው። የመኪና መለዋወጫ የሚያስመጣ ድርጅት ውስጥ ደረሰኝ ሳመሳክር እውላለሁ። ልጁን የማውቀው ደረጃ ላይ በሰላምታ ብቻ ነበር። ሠርግ ይቀርጻል። ጥር ላይ ቅዳሜና እሑድ ካሜራውን ተሸክሞ ጎህ ሲቀድ ይወጣል፤ የሚገባው እኩለ ሌሊት ነው። አንድ ማታ በራችንን አንኳኳ። እጁ ላይ ባለ ካሬ ደብተር ይዟል።

«እህቴ፣ አንድ ነገር ላስቸግርሽ ነው። ፊልም ልሠራ ነው። ገንዘቡ እኔ ጋ ከቆየ ይበተንብኛል። ሒሳቡን ያዥልኝ።»

ገንዘቡ 286,000 ብር ነበር። 120,000ው የደረሰው እቁብ ነው። የቀረው ከሠርግ ሥራ ሁለት ዓመት ያጠራቀመው ነው። እናቴ ከሶፋው ላይ ሆና ሰምታ «ልጄ፣ ይሄ ለትዳርህ አይሆንም ነበር?» አለችው።

«ማዘር፣ መጀመሪያ ፊልሙ» አላት። ሲናገር ድምፁ አልተንቀጠቀጠም። ደብተሩን ተቀበልኩት።

ደብተሩ አሁንም እኔ ጋ ነው። በትንሽ ገንዘብ ፊልም እንዴት እንደሚሠራ ያስተማረኝ እሱ ነው። ለምሳሌ ቀረጻው ለምን ዐቢይ ጾም ላይ እንደሆነ ላስረዳ። በጾም ሠርግ የለም። ሠርግ ከሌለ የኪራይ ካሜራ ሥራ ፈትቶ ይቀመጣል። ያኔ ዋጋው ይወርዳል። በጥር የማይሞከረውን ካሜራ ከነሌንሱ በቀን በ6,500 ብር አገኘው። የምሳው ወጪም ቀለል አለ። አሥራ አንድ ሰው በየቀኑ በያይነቱ ነው የበላው። ታሪኩ አብዛኛውን ቤት ውስጥና ደረጃ ላይ የሚሆነውም በምክንያት ነው። መንገድ ላይ ካሜራ ከቆመ ፈቃድ አለ፣ ተመልካች አለ፣ ቀኑ ሳይሠራበት ይመሻል። ልጁ ስክሪፕቱን ሲጽፍ አንድ ዓይኑ ኪሱ ላይ ነበር። እኔ ይህን እንደ ጉድለት አላየውም። ደረጃችንን እንደዚያ ያየው ሰው ከሱ በፊት አልነበረም።

ደብተሩ ላይ በቀይ የተሰመረበት አንድ መስመር አለ። «ሃርድ ዲስክ፣ 2፣ 34,000 ብር» ይላል። ሳየው «ሁለት ለምን?» ብዬው ነበር። «አንዱ ቢበላሽ ስምንቱም ቀን ይጠፋል» አለኝ። ሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ ዶላር ከ57 ብር ተነስቶ በጥቂት ሳምንት ውስጥ 100 ብርን አለፈ። እኔ በመለዋወጫ ዋጋ አይቼዋለሁ። እሱ ደግሞ በሚሞሪ ካርድ፣ በባትሪና በዲስክ አየው። ሁሉም ከውጭ ነው የሚመጣው። አሁን አንደኛው ዲስክ እሱ ጋ ነው። ሁለተኛው የኔ ቁም ሳጥን ውስጥ በእናቴ ነጠላ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። ሁለቱን አንድ ቤት ማስቀመጥ አይሆንም፤ ሌባም እሳትም አለ።

ዋናው ተዋናይ የግቢያችን ጥበቃ ናቸው። ጋሼ እንላቸዋለን። ወጣት ሆነው ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠርተዋል። ካሜራ ፊት ቆመው አያውቁም። ልጁ ሲጠይቃቸው ሦስት ቀን አሰቡበት። በሦስተኛው ቀን «ብዙ መናገር አለው?» አሉት።

«የለውም ጋሼ።»

«እሱማ ከሆነ እችላለሁ።»

ቀረጻው ስምንት ቀን ሲሆን እኔ የዓመት ፈቃዴን ወሰድኩ። ከስምንቱ ቀን አንዱን ረቡዕ በደንብ ልንገራችሁ፤ እኛ ቤት ነበር የተቀረጸው።

ታሪኩ እንዲህ ነው። ቆጣሪ አንባቢው ለመጨረሻ ጊዜ አንዲት እናት ቤት ይሄዳል። ቆጣሪው ወደ ካርድ ስለተቀየረ ከዚያ በኋላ የሚያነብ ሰው አያስፈልግም። ሴትየዋ ቡና ታቀርብለታለች። ሦስቱንም ስኒ ይጠጣል፤ አቦል፣ ቶና፣ በረካ። ከዚያ ተነስቶ ይሄዳል። በቃ። የእናትየዋን ቦታ የኔ እናት ናት የያዘችው። ስትጠየቅ «እኔ ቡና ማፍላት እንጂ ትወና አላውቅም» ብላ ነበር። ልጁም «የምፈልገው እሱን ነው» አላት።

ካሜራ ማኑ የጠዋት ብርሃን ፈልጎ ነበር። ጋሼ ግን «ከዘጠኝ ሰዓት በፊት አፌ ላይ ምንም አይደርስም፤ ጾም ነው» አሉ። እናቴም እንደዚያው። ካሜራ ማኑ ባዶ ስኒ ይዘው እንዲያስመስሉ ሐሳብ አቀረበ። እናቴ ጀበናውን አስቀምጣ «በባዶ ጀበና አልቀዳም» አለች። ልጁ ትንሽ አሰበና ሁሉንም ወደ ዘጠኝ ሰዓት ገፋው። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ፀሐይዋ በበረንዳ በኩል ገባች። ጭሱን አገኘችው። የሚቆላው ቡና ጭስ ከወለሉ እስከ ጣሪያው ድረስ ቢጫ መጋረጃ መሰለ። ካሜራ ማኑ ምንም አልተናገረም። ዝም ብሎ ካሜራውን ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሳበው።

የድምፅ ባለሙያው መጀመሪያ ያደረገው ነገር ፍሪጃችንን ከሶኬት መንቀል ነው። ለካ ፍሪጅ ያጉረመርማል። አሥር ዓመት አብሬው ኖሬ ሰምቼው አላውቅም። ከዚያ ከላይኛው ፎቅ በርበሬ የሚወቅጡትን ሄጄ ለመንኩ። ደረጃ ላይ የሚሯሯጡትን ልጆች እህታቸው ይዛልን ወረደች። አራተኛው ቀረጻ ላይ መብራት ጠፋ። ስለ መብራት ቆጣሪ በሚያወራ ፊልም መሐል! የድምፅ ባለሙያው ግን አውራ ጣቱን አነሳ። ሕንፃው ሙሉ ጸጥ ብሎ ነበር። አምስተኛው ላይ ሁሉም ነገር አምሮ፣ ጋሼ በረካውን አንስተው ወደ አፋቸው ሲያስጠጉ፣ ከታች «ቆራሌው!» የሚል ድምፅ መጣ። ሁላችንም ልጁን አየነው። «ካት» አላለም። ጋሼም አልተረበሹም። ስኒውን እንደያዙ ወደ መስኮቱ ዞር ብለው አዩ። ከዚያ ጠጡ። ስክሪፕቱ ላይ የሌለ ነገር ነው። ልጁ ሲነግረኝ ፊልሙ ውስጥ የገባው ይሄው አምስተኛው ነው።

ለጥንቃቄ ሁለት ጊዜ ደገሙት፤ በጠቅላላው ሰባት። እናቴ በእያንዳንዱ አዲስ ቡና ቀዳች። ለሚቀጥለው ቀረጻ ሁሉም እኩል መሆን አለበት ብላ ስኒዎቹን በየመሐሉ አጥባ በጨርቅ አደረቀቻቸው። ካሜራው ጠፍቶም እንደዚያው ታደርጋለች።

በትንሽ ገንዘብ ስለተሠራ ፊልም ሳስብ ዓይኔ ላይ የሚመጣው ያ ቀን ነው። ድሮም እነዚህን ፊልሞች እወድ ነበር። የት እንደጀመረም አውቃለሁ። ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ አንድ የባህል ማዕከል ውስጥ የፕሮፌሰር ኃይሌ ገሪማን «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» አሳዩ። ፕላስቲክ ወንበር ላይ ነበርን። ፊልሙ እ.ኤ.አ. በ1976 የወጣ ጥቁርና ነጭ ነው። ዘውዱ በሚወድቅበት ሰሞን አገር ቤት መጥተው፣ ሙያተኛ ያልሆኑ ሰዎችን ይዘው፣ በ16 ሚሊ ሜትር ፊልም ነው የቀረጹት። ሁለት ሰዓት ተኩል ይፈጃል። ገበሬው ያርሳል፤ ካሜራው አይቸኩልም። መጀመሪያ ሰዉ ይቁነጠነጥ ነበር። ቆየት ብሎ አዳራሹ ጸጥ አለ። እኔ ያደግኩት የፒያሳ ሲኒማ ቤቶች በር ላይ ተሰልፌ ነው፤ ወንድሜ እጄን ይዞ። የሳቅ ፊልም፣ የፍቅር ፊልም አይቻለሁ፤ ዛሬም እወዳቸዋለሁ። ያን ቀን ግን የአያቴ እጅ የሚመስል እጅ ግድግዳ የሚያህል ሆኖ አየሁ። እንዲህም ይሠራል ማለት ነው አልኩ።

ከዚያ ወዲህ የኃይሌ ገሪማን መንገድ መከታተል ጀመርኩ። «ሳንኮፋ» እ.ኤ.አ. በ1993 ሲወጣ አሜሪካ ውስጥ የሚያከፋፍለው ድርጅት አልተገኘም ነበር። ራሳቸው ሲኒማ ቤት እየተከራዩ፣ ማኅበረሰቡ በአፍ እየተቀባበለ፣ ከከተማ ከተማ አሳዩት። ዋሽንግተን ጆርጂያ አቬኑ ላይ ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ፊት ለፊት በዚያው ስም መጻሕፍት ቤት አላቸው። ሲልቨር ስፕሪንግ የምትኖረው የአክስቴ ልጅ በሄደች ቁጥር ፎቶ ትልክልኛለች። «ጤዛ»ን ለመሥራት ገንዘብ ፍለጋው ከአሥር ዓመት በላይ ፈጀ። ተጠናቅቆ እ.ኤ.አ. በ2008 ቬኒስ የፊልም ፌስቲቫል ላይ የዳኞች ልዩ ሽልማት አገኘ። በዓመቱ ዋጋዱጉ ላይ ፌስፓኮ የተባለውን የአፍሪካ ፊልም ፌስቲቫል ትልቁን ሽልማት ወሰደ። ስለ ጣሊያን ወረራም ለብዙ ዓመታት ሲደክሙበት የኖሩት ረጅም ዶክመንተሪ አለ። እሱን አዲስ አበባ ውስጥ፣ አርበኞች አያቶቻቸው ከሆኑ ሰዎች ጋር ተቀምጬ ማየት እፈልጋለሁ። ቤቴ በላፕቶፕ አላየውም። ለዚያ ፊልም አዳራሽ ያስፈልጋል።

እንዲህ ያለ ፊልም መጠበቅ ከትልቅ ፊልም ጥበቃ ይለያል። ትልቁ ፊልም ቀኑ ከሁለት ዓመት በፊት ይነገራል። ፖስተሩ ይመጣል፣ ትሬለሩ ይመጣል፣ አንተ የምታደርገው ነገር የለም። ትንሹን ፊልም ግን እንደ ዘመድ ነው የምትጠብቀው። ወሬውን ትጠይቃለህ። ገንዘብ አለቀበት ይባላል። ቆየት ብሎ ኤዲት እየተደረገ ነው ትባላለህ። አንድ ቀን ደግሞ የሆነ አገር ላይ ታየ ይሉሃል። ጄሲካ በሽር «ፋያ ዳዪ»ን ሐረር ውስጥ አሥር ዓመት ገደማ ነው የደከመችበት። ካሜራውን የያዘችው ራሷ ነች። እ.ኤ.አ. በ2021 ሰንዳንስ በተባለው የአሜሪካ ፌስቲቫል ላይ ሲታይ ጫት የገባበትን የሐረርን ሕይወት በጥቁርና ነጭ እንደ ሕልም አድርጋ አመጣችው። አሥር ዓመት የተጠበቀ ነገር መሆኑ ፊልሙ ላይ ይታያል። ሰዉ ካሜራውን ለምዶታል፤ አይሸሽም።

የያሬድ ዘለቀ «ላምብ» እ.ኤ.አ. በ2015 ካን ሲገባ በፌስቲቫሉ ይፋ ምርጫ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ፊልም ነበር። በጉን ቹኒን የሚወድ ልጅ ነው ታሪኩ። እኔ የወደድኩት ግን ልጁ ምግብ መሥራት መቻሉን ነው። ሳምቡሳ ሠርቶ ገበያ ይሸጣል፤ አጎቱ ደግሞ ወንድ ልጅ ማዕድ ቤት መግባቱን አይወድለትም። ይህን ከቤታችን በቀር ማን ሊያውቅ ይችላል? ቢዝነስ ፕላን ይዞ የሚመጣ ፊልም እንዲህ ያለ ነገር ላይ አይቆምም።

የምጠብቃቸው ሌሎችም አሉ። ቤዛ ኃይሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ2024 «አልዓዛር» የተባለ አጭር ፊልሙ ካን ላይ በሐያስያን ሳምንት ተወዳድሯል። የአባቱን መቃብር ባዶ ሆኖ ስላገኘ ገበሬ ነው። ረጅም ፊልሙን ለማየት ቸኩያለሁ። ሕይወት አድማሱ ጌታነህም አለች። እ.ኤ.አ. በ2015 አጭር ፊልሟ ቬኒስ ላይ ሲታይ በጣም ነበር የኮራሁት። የሷንም ረጅም ፊልም እጠብቃለሁ። አጭር ፊልም አይቼ የሠሪውን ረጅም ፊልም መጠበቅ ልማድ ሆኖብኛል። ስማቸውን የደብተሬ ጀርባ ላይ ጽፌ በየጊዜው አየዋለሁ።

ጎረቤቶቻችንንም እከታተላለሁ። የሶማሌው ሞ ሃራዌ «ዘ ቪሌጅ ኔክስት ቱ ፓራዳይዝ» እ.ኤ.አ. በ2024 ካን ሲገባ ከሶማሊያ በይፋው ምርጫ የመጀመሪያው ሆነ። አባት፣ ልጅና የአባትየው እህት ናቸው፤ ነፋስ የሚበዛበት የባሕር ዳር መንደር። ካየሁት በኋላ ለቀናት ጆሮዬ ውስጥ የቀረው ነፋሱ ነው። ያኔ ነው የድምፅ ባለሙያ ምን ያህል እንደሚያስፈልግ የገባኝ። ለዚህም ነው የኛው ልጅ «ድምፁን በካሜራው ማይክ እንቅረጸው፤ 28,000 ብር እናተርፋለን» ባለኝ ጊዜ እምቢ ያልኩት። ሒሳብ ያዥ ሆኜ ወጪ እንዲጨምር የተከራከርኩት ያን ቀን ብቻ ነው።

ልጁ ስልኩ ላይ ያስቀመጠው አንድ ምሳሌ አለ። አሜሪካዊው ሾን ቤከር እ.ኤ.አ. በ2015 «ታንጀሪን» የተባለውን ፊልም በአይፎን 5ኤስ ቀረጸው። አሥር ዓመት ቆይቶ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2025 በሌላ ፊልሙ በአንድ ምሽት አራት ኦስካር ወሰደ። በዚያው ምሽት የላትቪያው «ፍሎው» በአኒሜሽን አሸነፈ። የተሠራው ብሌንደር በሚባል ነፃ ሶፍትዌር ነው፤ ማንም ሰው በነፃ ያወርደዋል። አዲስ አበባ ውስጥ ብሌንደር የሚሠሩ ልጆች አውቃለሁ። የዚያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰዳቸውም።

ግን ስልክና ነፃ ሶፍትዌር ሁሉን ነገር አይፈታም። የኛ ፊልም የቆመው ከቀረጻ በኋላ ነው። ከ286,000 ብሩ 262,000ው ወጥቷል። 24,000 ቀርቷል። ከለሩን የሚያስተካክል ሰው አለ፣ ድምፁን የሚያቀናብር አለ፣ ሲኒማ ቤት በሚቀበለው ዓይነት ፋይል አድርጎ የሚያወጣ አለ። ሁሉም በወዳጅነት ዋጋ ቢሠሩም 24,000 አይበቃም። ስለዚህ ልጁ ወደ ሠርጉ ተመልሷል። በየወሩ የሚያመጣውን ደብተሩ ላይ እጽፋለሁ። አንዳንዱ ወር 8,000፣ አንዳንዱ 3,000 ነው። የፌስቲቫል መመዝገቢያ በዶላር ነው፤ እኛ ደግሞ በዶላር የሚከፍል ካርድ የለንም። ሁለቱን የከፈለችልን የአክስቴ ልጅ ናት። ደብተሩ ላይ «ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ብድር» ብዬ ጽፌዋለሁ። እሷ «ብድር የሚለውን ሰርዢው» ብላኛለች። ፊልሙ ተመርቆ እስካይ አልሰርዘውም።

ከዚያ በኋላ የት ይታያል የሚለው አለ። ይህ ነገር በእውነት ያሳስበኛል። ድሮ ሲኒማ ቤት በር ላይ ሰልፍ ነበር። አሁን ብዙው ፊልም ቀጥታ ዩቲዩብ ላይ ይወጣል። ዩቲዩብን አልጠላም፤ እናቴ የምታየው እዚያ ነው። ሪያድና ቤይሩት ያሉ እህቶቻችን ከሥራ በኋላ ስልካቸው ላይ የአገራቸውን ሰው ፊት የሚያዩት እዚያ ነው። ነገር ግን አንድ ሰው ቡና ሲጠጣ አራት ደቂቃ የሚያሳይ ፊልም፣ ከላይ መልእክት እየገባ፣ ከታች ማስታወቂያ እየመጣ አይታይም። ጨለማ ይፈልጋል። ከጎንህ የሚተነፍስ ሰው ይፈልጋል። ሲኒማ ቤቶቻችን በሳምንት አንዲት ቀን፣ ገበያ የሌለባትን ማክሰኞን እንኳን፣ ለእንዲህ ያለ ፊልም ቢሰጡ እኔ በየሳምንቱ ትኬት እቆርጣለሁ። ብቻዬንም አልመጣም፤ ብሎካችንን ይዤ እመጣለሁ።

ጋሼ በር ላይ ሳልፍ በየጠዋቱ ይጠይቁኛል። «ደረሰ?»

«ገና ነው ጋሼ።»

«እግዜር ያድርሰው» ይሉና በሩን ይከፍቱልኛል። አንድ ቀንም ሳይጠይቁኝ ቀርተው አያውቁም። ልጃቸው ሐዋሳ ነው ያለችው፤ ለምረቃው እንደምትመጣ ነግረውኛል። ለብሰውት የሚመጡትን ኮት አሳይተውኛል፤ ጥቁር ነው፣ ክርኑ ላይ በደንብ ተጥፏል።

ባለፈው እሑድ ልጁ ላፕቶፑን ይዞ መጣ። የቡናውን ትዕይንት ቆርጦ ጨርሶታል። ጋሼን ጠራናቸው፤ ባርኔጣቸውን አውልቀው ገቡ። መብራት አልነበረም። ላፕቶፑ ባትሪው 14 በመቶ ላይ ነው። ያን ቀን ጀበናው በነበረበት ቦታ በርጩማ ላይ አስቀመጥነው። አራታችንም አጎነበስን።

ጭሱ መጣ። ብርሃኑ መጣ። የእናቴ እጅ ስኒውን አነሳ። ጋሼ ራሳቸውን ሲያዩ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው አልተንቀሳቀሱም። «ቆራሌው!» ሲል እናቴ ዘወር ብላ መስኮቱን አየች፤ ከውጭ የመጣ መስሏት ነው። ከዚያ ምስሉ ላይ ጋሼም መስኮቱን አዩ። አራቱ ደቂቃ አለቀ። ስክሪኑ ጠቆረ።

እናቴ ትንሽ ዝም አለች። «እጄ እንዲህ አርጅቷል እንዴ?» አለች።

«አምሮብሻል» አሏት ጋሼ።

«ቀሪውስ?» አለችው ልጁን።

ልጁ ላፕቶፑን ዘጋ። ቀሪውን ለማሳየት ድምፁ ማለቅ እንዳለበት ነገራት። የቡናው መቆላት ድምፅ ላይ የሆነ መኪና ጥሩንባ ገብቶበታል፤ ንጹሕ ድምፅ እንደገና መቀዳት አለበት። ብሎኩ ጸጥ የሚለው ከምሽቱ አምስት ሰዓት በኋላ ነው። ለመጪው ቅዳሜ ተቀጣጠርን።

እናቴ ትናንት ግማሽ ኪሎ ጥሬ ቡና ገዝታ ገባች። ለቅማ ጨርሳዋለች። ፍሪጁን ከሶኬት የምነቅለው እኔ ነኝ።